ከአሜን በኋላ ያልፈታሁት ብሎን

ሰው “እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ” ሲለኝ እናደዳለሁ። ደግ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሚለኝም ሰው ክፉ አይደለም። ግን በሰማሁት ቁጥር ያ ቅዳሜ ይመጣብኛል፣ ንዴቱም ትናንት የሆነ ያህል ይነሳብኛል። እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች ቁጣዬ ቢበዛባችሁ ታገሱኝ። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ፍረዱ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሐዋሳ ውስጥ መናኸሪያ አካባቢ አንድ ጋራዥ ተቀጥሬ የምሠራ መካኒክ ነበርኩ። ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ደንበኛ ይመጣና ቱታ ለብሼ ቁልፍ ይዤ እያየኝ፣ “ልጅት፣ መካኒኩ የት ሄዶ ነው?” ይለኛል። “አሁን ይመጣል” እለውና መኪናው ሥር ገብቼ ሥራዬን እጀምራለሁ። በዚህ እንስቅ ነበር። ያን ጊዜ በሥራዬ የምኮራ፣ ከሰው ጋር መጣላት ግን የማልወድ ልጅ ነበርኩ። ጎበዝ ነሽ ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ ጨዋ ናት ሲሉኝ ግን የበለጠ ደስ ይለኛል። ይህቺን “ጨዋ” የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። መሃል ከተማ አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ሳሙኤልን ያለ አባት አሳድጋናለች። መቀሱን የሚይዘው፣ ጨርቁን የሚመራው፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በአንዴ የሚያስገባው ቀኝ እጇ ነው። ኮሌጅ ያስተማረኝ እሱ እጅ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሳሙኤል ነጋዴ መሆን ይወዳል። ያን ዓመት ያለ የሌለውን አሟጦ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ገዛ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። እናታችን የተወለደችበት ደጋ ከከተማው ሩቅ ባይሆንም ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃና ቦይ ብቻ ስለሚሆን ዝቅ ያለ መኪና ሆዱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ፒክአፑ ከፍ ካለ ድንች ያወርድበታል፣ ሰው ያወጣበታል። እናቴም ስንት ክረምት ያላየቻትን ታላቅ እህቷን ታያለች። አክስቴ ታማ ተኝታ ነበር።

“አንቺ መካኒክ አይደለሽም? ከፍ አድርጊልኝ” አለኝ።

“ዕቃው ውድ ነው ሳሚ። ለዚህ ተብሎ የሚሠራው ባሌስትራ ከውጭ ነው የሚመጣው።”

“ለእሱ የሚሆን ብር ቢኖረኝ አንቺን ለምን እለምንሻለሁ?”

እውነቱን ነው። እኔም እልህ ያዘኝና ተቀበልኩት። ከተሰባበሩ መኪናዎች ብረት ከሚሸጡበት ግቢ ሄጄ ከአንድ የሞተ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ላይ ባሌስትራ መረጥኩ። ባሌስትራ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ መኪናውን ከጎማዎቹ በላይ ተሸክመው የሚያነጥሩት፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደሩ ቀስት መሰል ብረቶች ናቸው። ለፒክአፑ የሚሆኑትን በልኩ ቆረጥኩ። መጉበጥ ያለባቸውን እንጨት ላይ አጋድሜ በቀዝቃዛው፣ በመዶሻ፣ ቀስ ቀስ እያደረግሁ በመቶ ቦታ መታሁ። ይህን ያደረግሁት እሳት ስለሌለኝ አይደለም። ይህ ብረት ፋብሪካ ውስጥ በልኩ ግሎ፣ በልኩ ቀዝቅዞ ነው ጉልበቱን ያገኘው። መንደር ውስጥ ከሰል ላይ አግለህ ባልዲ ውሃ ውስጥ ከነከርከው ሲያዩት ይጠነክራል፣ ውስጡ ግን እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ከኮሌጃችን አይመረቅም።

ከሥራ መልስ እየሠራሁ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ለኋላው ያገለገሉ አሞርዛተሮች፣ ማለትም ንጥረቱን የሚያበርዱትን፣ ፈልጌ ገጠምኩ። ረጃጅም ብሎኖች አስቆረጥኩ። ስጨርስ ፒክአፑ አራት ጣት ያህል ከፍ አለ፤ ከዚያ በላይ ማስኬድ አልፈለግሁም። በመጨረሻ በጋቢናው ቀኝ በር ሥር ለእናቴ የምትረግጥበት ትንሽ የብረት ደረጃ በየድኩላት። ጉልበቷን ስለሚያማት እግሯን ስታነሳ ለክቼ ነው የሠራሁት።

ሳሙኤል ዞር ዞር ብሎ አየና ፊቱ ቅጭም አለ።

“ይቺ ናት?”

“ይቺ ናት። ይበቃሃል።”

“ሐይቅ ዳር ሆቴሎቹ በር ላይ የሚቆሙትን የቱሪስት መኪናዎች አይተሻቸዋል? በእነሱ ሥር ሰው ቆሞ ያልፋል እኮ።”

“የእነሱ ባሌስትራ ዋጋ ያንተን መኪና ይገዛል” አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ።

ከዚያ ጋራዡ ለሁለት ቀን ከከተማ ውጭ ለሥራ ላከኝ። የተመለስኩት ቅዳሜ ጠዋት ነው። እኛ ቤት አዲስ ነገር ሲገባ፣ ቤትም ይሁን መኪና፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይጸለይለታል። ሳሙኤል መጋቢያችንንና ጎረቤቶቹን ለዚያ ጠዋት ጠርቶ ነበር። ከጸሎቱ በኋላ እናቴን ይዘን ወደ ደጋው ልንወጣ ነው። ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ ቤት ስደርስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ፒክአፑ መሃል ላይ ታጥባ ቆማለች።

መጀመሪያ ያየሁት በርጩማውን ነው። ከበሩ ሥር፣ የሠራሁት ደረጃ ፊት፣ የቤታችን በርጩማ ተቀምጧል። ለምን ብዬ ጠጋ ስል ደረጃው ከለካሁት በላይ ወጥቶ አየሁት። እናቴ ያለ በርጩማ አትደርስበትም።

“ሳሚ፣ ይህ መኪና ለምን ከፍ አለ?”

“ትንሽ አስተካከልኩት።”

“ማን ነው ያስተካከለው?”

“ዝም በይ እስቲ፣ መጋቢ ደርሰዋል።”

መጋቢ በእርግጥ በበሩ እየገቡ ነበር። እርጅና የጀመራቸው፣ ድምፃቸው የለሰለሰ፣ አባት የሌለንን ልጆች ከሕፃንነታችን ጀምሮ በስማችን የሚጠሩ ሰው ናቸው። ሰዉ መኪናዋን ከበበ። እጃችንን ላሜራው ላይ አሳረፍን። እኔ የቆምኩት በቀኝ የኋላ ጎማ በኩል ነው።

“ዓይናችንን ጨፍነን” አሉ መጋቢ።

ሁሉም ጨፈነ። እኔም ጨፍኜ ነበር፤ ግን ሐሳቤ ደረጃው ላይ ቀርቶ አላረፍኩም። በርከክ ብዬ ዓይኔን ከፈትኩ። የጠዋት ፀሐይ ከጎን በኩል ከመኪናዋ ሥር ገብታለች። ባሌስትራው ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ እኔ አልቀባሁትም። የላይኛው ረጅሙ ብረት፣ ሌሎቹን ሁሉ የሚይዘው፣ ከበታቹ በኩል ቀለሙ በደንብ ሳይደርስበት ቀርቷል። እዚያ ጋ፣ ከመሃሉ ወደ ፊት ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሰማያዊ መስመር አለ። ከሰማያዊው ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ገለባ የመሰለ ቢጫ። ለማያውቅ ሰው ያምራል። ለእኔ ግን እሳት እዚያ ድረስ ደርሶ እንደቆመ የሚናገር ምልክት ነው።

“ጌታ ሆይ፣ የሚወጡበትንና የሚገቡበትን ጠብቅ” ይላሉ መጋቢ። “አሜን” ይላል ሰዉ። እኔ ሰማያዊውን መስመር እያየሁ ነው።

የመጨረሻው አሜን እንደተባለ ሳሙኤልን ክንዱን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኩት።

“ባሌስትራውን እሳት ውስጥ ማን ነው የከተተው?”

“አትጩኺ! አንድ ቀጥቃጭ አለ፣ ጎበዝ ሰውዬ ነው። በአንድ ከሰዓት ጨረሰው። አንቺ ሁለት ሳምንት የፈጀሽበትን።”

“ውሃ ውስጥ ነክሮታል?”

“ታዲያ ብረት በምን ይቀዘቅዛል?”

“ሳሚ፣ ይህ ብረት ይሰበራል። ዛሬ ባይሰበር ነገ ይሰበራል። ክሪኩን አምጣ፣ አሁን ላውርደው። ይህን ያህል ከፍ ባያደርገውም የምተካው ሌላ ብረት ጋራዥ አለኝ።”

ወንድሜ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። ያን ጊዜ የተናገረውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። “አሁን? ተጸልዮለት አሁን? መጋቢ እዚህ ቆመው፣ ሰዉ ሁሉ እያየ፣ እጃቸውን ጭነው የባረኩትን መኪና ጎማውን አውልቀሽ ልትዘረግፊው? ምን ይሉናል? እምነት የላቸውም አይሉንም?”

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። መልሱ ቀላል ነበር። ክሪኩ ጓሮ ውስጥ ከእግሬ አጠገብ ነበር። ስምንት ብሎን ነው። ሰዉ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ግማሹን እፈታው ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

ከጓሮ ስንወጣ መጋቢ ፊታችንን አዩና፣ “ምነው ልጆቼ፣ ችግር አለ?” አሉን።

ሳሙኤል ተጨንቆ ወደ እኔ አየ። ጎረቤቶቹ አዩኝ። እናቴ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ፣ አንድ እግሯን በርጩማው ላይ አድርጋ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በልጇ መኪና ልትሄድ ዞራ እየሳቀች አየችኝ።

“ኧረ ምንም አይደል፣ መጋቢ” አልኳቸው።

ጨዋ ሆንኩ ማለት ነው።

እናቴ ጋቢና ከሳሙኤል ጎን ተቀመጠች። እኔ ኋላ ዕቃ የሚጫንበት ካሶኒው ላይ ወጣሁ፤ “ነፋሱን እፈልጋለሁ” ብዬ ዋሸሁ። የፈለግሁት ከቀኙ ጎማ በላይ መቀመጥ ነበር። እጄን ላሜራው ላይ አድርጌ እያንዳንዷን ጉድጓድ ቆጠርኩ። አስፋልቱ አልቆ ዳገቱ ሲጀምር ጆሮዬን ወደ ጎማው አዘነበልኩ። መኪናዋ ግን ወጣች። ሌሎች የተቀበሩበትን ጭቃ ተሻገረች። ሳሙኤል በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ “አየሽ! ምሕሩ፣ አየሽ!” እያለ በቁልምጫ ስሜ እየጠራኝ ይጮኻል። ትንሽ ቆይቼ እኔም ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ። ምናልባት ሰውየው እውነትም ጎበዝ ይሆናል አልኩ። ምናልባት ጸሎቱ ይሆናል አልኩ። ሰው ለፍርሃቱ ስም ማውጣት አያቅተውም።

አክስቴ ቤት ደረስን። እህትማማቾቹ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ በሲዳምኛ ፋታ የሌለው ወሬ ያዙ። አክስቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ ቁጭ አለች፤ ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስትሆን የመጀመሪያዋ ነው አሉን። ያን ደስታ ሳይ ንዴቴ በረድ አለ። ከሰዓት በኋላ ልንመለስ ስንል ግን የአክስቴ ልጆች ሁለት ትልልቅ ጆንያ ድንችና አንድ ጥቅል ቆጮ ካሶኒው ላይ ጫኑ።

“ሳሚ፣ ይህን አውርደው” አልኩት በሹክሹክታ። “ቁልቁለት ነው። ጭነት አይችልም።”

“የታመመች ሴት የሰጠችውን?”

“ሌላ ቀን እንወስደዋለን በላቸው።”

“አንቺ ራስሽ ንገሪያት።”

አክስቴ በር ላይ ተደግፋ ቆማ እጇን ታውለበልባለች። አልነገርኳትም። ወደ እናቴ ሄጄ፣ “እማ፣ ዛሬ እዚሁ እንደር” አልኳት።

“ነገ እሁድ መዘምራኑ የሚለብሱት ልብስ አላለቀም፣ ልጄ። እጅጌ ይቀረኛል” አለች።

ይኸው ነው። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት።

ግማሽ መንገድ ወርደናል። በቀኝ በኩል የተቆረጠ የአፈር ግድግዳ፣ በግራ በኩል ገደል ነው። ሳሙኤል ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው፣ ይህን አልክድም። ከእግሬ ሥር አንድ ጊዜ “ቋ!” ሲል ሰማሁ። ትልቅ ድምፅ አልነበረም። ሰሐን እንደሚሰበር ያህል ነው። ወዲያው የኋላው ጎማ ከቦታው ሸሸ፤ መኪናዋ በኋላዋ ወደ ቀኝ ተንሸራተተችና አፍንጫዋን ወደ ገደሉ አዞረች። ሳሙኤል መሪውን በሙሉ ኃይሉ ወደ ግድግዳው ጠመዘዘ። ጆንያዎቹ ደረቴ ላይ መጡ። ከዚያ የመኪናዋ ቀኝ ጎን ከአፈሩ ጋር እየተፋተገ ብዙ ሄዶ ቆመ።

ጸጥ አለ። ሞተሩም ጠፍቷል።

“እማ!” አልኩ።

“አለሁ” አለች። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። “እጄን ግን ማውጣት አልቻልኩም።”

መንገዱ ሲያንገጫግጫት እንዳትወድቅ በመስኮቱ በኩል ከውጭ የጣሪያውን ጠርዝ ይዛ ነበር። ቀኝ እጇን። በላሜራውና ከግድግዳው በወጣ ድንጋይ መሃል ቀርቷል። ከየማሳው ሰዎች እየሮጡ መጥተው መኪናዋን በትከሻቸው ገፍተው አራቁልን። እናቴ አልጮኸችም። ነጠላዋን በግራ እጇ አውልቃ ሰጠችኝና፣ “ጠቅልዪው፣ አልየው” አለችኝ። ጠቀለልኩት። እኔ ግን አየሁት።

ሰዎቹ የሚያልፍ መኪና እስኪያስቆሙ ድረስ ከፒክአፑ ሥር ገባሁ። ለምን እንደገባሁ እስካሁን አላውቅም። የላይኛው ብረት ልክ ሰማያዊው መስመር ላይ ለሁለት ተከፍሏል። የተሰበረበት ፊት እንደ ስኳር ያብረቀርቃል፣ አንድም የመታጠፍ ምልክት የለውም። ቁራጩን ነቅዬ ይዤ ወጣሁ። ሳሙኤል መንገዱ ላይ ተንበርክኮ፣ ገደሉን እያየ፣ “ጌታ ሆይ አተረፍከን፣ ተመስገን፣ አተረፍከን” ይላል። ብረቱን ልወረውርበት ነበር። እናቴ ስላየችኝ ብቻ ነው የተውኩት።

ሆስፒታል ሐኪሙ ብዙ ሞከረ። ሁለት ጣቶቿ ተቆረጡ፤ አውራ ጣቷ ከሌሎቹ ጋር አይገናኝም። የመዘምራኑን እጅጌ ሌላ ሰው ሰፋው።

ከዚያ ለሳምንታት ቤታችን ጠያቂ አልተለየውም። የመጣው ሁሉ፣ “እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ” ይላል። ሳሙኤል “አሜን፣ ተመስገን” ይላል። እናቴ እጇን ነጠላዋ ሥር ትደብቃለች። ስለ ቀጥቃጩ፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ ጓሮው የሚያወራ የለም። እኔም አላወራሁም። ሰው ባዘነበት ቤት ውስጥ ነገር አይቆሰቆስም ይባላል አይደል? ግን ሌሊቱን ጥርሴን ነክሼ ነበር የማድረው።

አንድ እሁድ ሳሙኤል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለምስክርነት ወጣ። ማይኩን ይዞ ገደሉን፣ መሪውን፣ መትረፋችንን ተረከ። “ሰይጣን በመንገድ ላይ አደፈጠብን፣ ጌታ ግን ቀድሞት ነበር!” አለ። ሰዉ “ሃሌ ሉያ!” አለ፣ አጨበጨበ። እናቴ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ማጨብጨብ አትችልም።

ከዚያ በኋላ እግሬ እንዴት ወደ መድረኩ እንደወሰደኝ አላውቅም። ማይኩን ከወንድሜ እጅ ተቀበልኩ።

“ሰይጣን የለበትም” አልኩ። “ባሌስትራውን ያስቃጠለው ከቁመት የማይጠግብ ወንድሜ ነው። መቃጠሉን አይቼ ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። መጋቢ፣ ‘ችግር አለ?’ ብለው ጠየቁኝ። ዋሸሁዎት። ነበረ። ሰው ያየናል ብዬ የእናቴን እጅ ሸጥኩት።”

ሃሌ ሉያ ያለ የለም። አንዲት ሴት ከኋላ “ኧረ በጌታ” ስትል ሰማሁ። ሳሙኤል በጎን በር ወጣ። መጋቢ አንገታቸውን ደፉ። ማይኩን አስቀምጬ እኔም ወጣሁ።

እንግዲህ ምን ተለወጠ? ብዙ ሰው “ወንድሟን በአደባባይ አዋረደች” አለኝ። እውነት ነው፣ አዋርጄዋለሁ። ሳሙኤል ስድስት ወር አላናገረኝም። ዛሬ የራሴ ትንሽ ጋራዥ አለኝ፤ በጥቂት ብር መኪናቸውን ከፍ ማድረግ የሚፈልጉ አሁንም ይመጣሉ፣ አሁንም ከአሮጌ ብረት እሠራላቸዋለሁ። ርካሽ መሥራት ነውር አይደለም። ነውሩ፣ ያየኸውን ነገር ለሰው ፊት ብለህ መዋጥ ነው። የተሰበረው ቁራጭ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። እሳት አስገብተሽ አጉብጪው የሚለኝን ደንበኛ፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ በሰው ፊትም ቢሆን፣ “አልሠራልዎትም” ብዬ አባርረዋለሁ። ጨዋ ናት የሚለኝ ሰው የለም። እናንተም፣ አፋችሁ ላይ ደርሶ “ምንም አይደል” ብላችሁ የመለሳችሁት ነገር ካለ ዛሬውኑ ሂዱና ተናገሩት፤ የሰዉን ፊት ተዉት።

የዚያን እሁድ መጨረሻ ግን አልነገርኳችሁም። ከአዳራሹ ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆሜ ሳለሁ እናቴ ቀስ እያለች መጣች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አጠገቤ መጥታ ቆመች።

“ያንን ብረት ያየሽው መቼ ነው?” አለችኝ።

“መጋቢ ሲጸልዩ፣ እማ።”

“ሁላችንም ጨፍነን ሳለ?”

“አዎ።”

ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ የተሰበረውን እጇን አወጣችና በቀሩት ጣቶቿ እንደምንም እጅጌዬን ያዘችኝ።

“እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ፣” አለችኝ፣ “ስንጸልይ አንቺ ዓይንሽን አትጨፍኚ።”